የበያጁ መነጽር

በያጁ ሰውዬ ነገር ካልጣመው ግንባሩን ቋጥሮ ዝም ነው። ትምህርት ቤቱ ለወንዶችም የካንሰር መከላከያ ክትባት ሊሰጥ መሆኑን ልጁ ሲነግረው ግን ቱግ አለ፦ "ደህናው ልጄ ምን በወጣው ነው መርፌ የሚወጋው?"

ጎረምሳው የብየዳ መነጽሩን ከግድግዳው ምስማር ላይ አወረደ። "አባዬ፣ ይሄን የምታጠልቀው ዓይንህ ከተቃጠለ በኋላ ነው?"

እናትየው ሳቋን ዋጠች። በያጁ "ብልጭታ ሳይነሳ መነጽር!" እያለ ሠራተኞቹን ሲጨቀጭቅ የሚውል ሰው ነውና መነጽሩን ተቀብሎ ወደ ቦታው መለሰው።

"እሺ፣ አብረን እንሄዳለን" አለ።

የትምህርት ቤቱ ክሊኒክ ገብተው ነርሷ መርፌውን ስታነሳ፣ ከእሳት ጋር የሚውለው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የልጁን እጅ ጨመቀ፤ ላብ አጠመቀው።

"የሚከተበው የትኛችሁ ነው?" አለች ነርሷ ግራ ገብቷት።

"እኔ ነኝ" አለ ልጁ። "መጀመሪያ ግን ለአባዬ ወንበር ይስጡልኝ።"