በረዶ የሆነው የእትዬ ሜትር መርፌ

ሰፈሩ እትዬ ሜትር ይላታል። ልብስ ሰፊ ናት፣ ሜትሩ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። አምና አንድ ጥቅል ጨርቅ ከመደርደሪያ አወርዳለሁ ስትል ጀርባዋ ቀጭ አለ። ሐኪሙ «አከርካሪዎ ተሰብሯል፤ ካረጡ በኋላ አጥንትዎ ሳስቷል» አላትና በየስድስት ወሩ የሚወጋ መርፌ አዘዘላት። «ጀምሮ ማቋረጥ የለም። ቀኑ ካለፈ አከርካሪዎ እንደገና ሊሰበር ይችላል።» እንደገና ከተሰበረማ የስፌት መኪናዋ ፊት መቀመጥ ቀረ።

ሁለተኛውን መርፌ ቀደም ብላ ገዝታ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠች። ቀኑ ደረሰና ፍሪጁን ብትከፍት የለም።

«አንተ ሰውዬ፣ መርፌዬስ?»

ባሏ ፍሪጅ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ነው፤ ሰፈሩ ኢንጂነሩ ይለዋል። ሲናገር ራሱ እንዳረጀ ፍሪጅ እ... እ... ብሎ ነው የሚነሳው፣ ከተነሳ በኋላ የሚያቆመው የለም።

«እ... ላይ፣ በረዶ ቤቱ ውስጥ ነው። መብራት ቢጠፋ እንዳይሞቅብሽ አስቤልሽ ነዋ።»

«ማን አስብልኝ አለህ?»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብርድ የጠገንኩ ሰው ነኝ፣ ብርድ ታስተምሪኛለሽ?»

አወጣችው። ድርቅ ብሏል።

«ፀሐይ ላይ ትንሽ ብናቆየው ይለቃል» አላት።

«ሥጋ አደረግከው እንዴ?»

ክሊኒክ ሄደች። አትከተለኝ ብትለው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መርፌውን ይዞ ተከተላት። ነርሷ ተቀብላ ገለባበጠችው።

«በደንብ ቀዝቅዞ ነበር የተቀመጠው?»

«መቀዝቀዝ ብቻ? ድንጋይ ነበር» አለ ኢንጂነሩ ደረቱን ነፍቶ።

ነርሷ ወደ ጎን አኖረችው። «አባባ፣ በረዶ የሆነ አይወጋም። ቢቀልጥም አይሆንም። ካርቶኑ ላይ ተጽፏል እኮ።»

«እኔ ፍሪጅ በጆሮ ሰምቼ ነው የምጠግነው፣ ካርቶን አላነብም።»

እትዬ ሜትር ዓይኗን ጨፈነች። «ሲስተር፣ ሌላ እስኪገኝ መቆየት እችላለሁ?»

«ጥቂት ቀን ቢሆን ነው። ቶሎ ፈልጉ።»

ወደ ባሏ ዞረች። «አንተ ነህ የምታመጣው። ባዶ እጅህን እንዳትገባ።»

ሁለት ቀን ሙሉ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ዞረ። «የለም»፣ «አልቋል»፣ «ነገ ሞክሩ»። በሦስተኛው ቀን ከተማው ዳር አንድ ተገኘ። ብርድ በሚይዝ ሳጥን፣ የሥራ ቴርሞሜትሩን ሰክቶበት፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ከእትዬ ሜትር ጋር ክሊኒክ ገባ።

«አራት ዲግሪ» አላት ነርሷን። «እ... ለምን አራት ሆነ መሰለሽ፣ የብርድ ጠባይ...»

እሱ ሳይጨርስ እትዬ ሜትር ተወግታ እጅጌዋን አወረደች።

«ሲስተር፣ የሚቀጥለውን ስገዛ እዚሁ አስቀምጭልኝ።»

ኢንጂነሩ ቅር አለው። «ቤት ደህና ፍሪጅ እያለን?»

«ፍሪጁማ ደህና ነው» አለች። «ያስቸገረኝ ባለሙያው ነው።»