ቁስል ላይ የተነሰነሰ ጥንቃቄ

የባሌ ታላቅ እህት ከሁሉ ሰው ቀድማ የምታውቅ ሴት ነበረች። ለቅሶ ቤት ስትሄድ እንኳ ሟቹ በምን እንደሞተ ለአስታማሚው የምትነግረው እሷ ናት። አብዮቱ መጣና የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ሆነች፤ ከዚያ በኋላ ዕውቀቷ ማኅተም አገኘ። በሕይወት ሳለች አንቱ እላት ነበር። እዚህ ግን አንቱታው ይቅርብኝ።

ባሌ በአሰብ መስመር የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። እሱ በሌለ ጊዜ ናዝሬት ያለውን ግቢያችንን የሚጠብቅ አብዮት ጥበቃ ሳይሆን አንዲት ቡናማ ውሻ ነበረች። ጡቷ ሥር ዕጢ ወጣባትና እያደገ ሲሄድ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድኳት። ክሊኒኩ የበሬና የላም ነው። በሬውን ይዞ ተራ የሚጠብቅ አንድ ገበሬ፣ ይህቺ ደግሞ ድና ልትታለብ ነው ወይስ ልታርስ ብሎ ሳቀብኝ።

ሐኪሙ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር ተምሮ የመጣ ወጣት ነበር። ዕጢውን ሊያወጣ ቢላዋ ከማንሳቱ በፊት እንዳያመረቅዝ የሚከላከል መርፌ ወጋት። መድኃኒቱ ቆዳው ሲቀደድ ደሟ ውስጥ መገኘት እንዳለበት፣ ከተሰፋ በኋላ ግን የሚያስፈልጋት ንጽሕና ብቻ እንደሆነ አስረዳኝ። «እንዳትልሰው ይጠብቁልኝ። ይድረቅ፤ እጅ አይንካው» አለ። እኔም የፕላስቲክ ባልዲ ቂጡን ቆርጬ አንገቷ ላይ አጠለቅኩላት። የባሌ እህት ባልዲውን አይታ ለፍጡር ግፍ ነው አለች፤ ስለ መርፌው ስትሰማ ደግሞ የባሰ አዘነች።

«አንዲት መርፌ ብቻ? አንቺ ልጅ፣ ሰውዬው ቆጥቦብሻል።»

በማግስቱ ቀይና ቢጫ የቴትራሳይክሊን እንክብል ይዛ መጣች። ሌላው ሰው ለመድኃኒት ይሰለፋል፤ ለእሷ ግን መድኃኒቱ ራሱ ይሰለፍላት ነበር። እንክብሉን ሰብራ ዱቄቱን ስፌቱ ላይ ነሰነሰች፤ እንዲሰርግ ብላም በጣቷ አሸችው። ከስብሰባ የስንቱን ጓድ እጅ ጨብጣ በመጣችበት ጣት።

«እትዬ፣ ሐኪሙ እጅ አይንካው ብሏል» አልኳት።

«ሳያመረቅዝ አስቀድሞ ነው። ካመረቀዘማ ማንም ያክማል።»

በየቀኑ እየመጣች አስቀደመች። በር ልዘጋባት አልችልም ነበር፤ በዚያ ዘመን ለሊቀመንበር በሩን የዘጋ ሰው ቤቱ ውስጥ የደበቀው ነገር አለ ይባላል። ቁስሉ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ አበጠ፣ ከዚያ መግል ያዘና የናዝሬትን ዝንብ ሁሉ ጠራ። እሷ ግን ደስ አላት። አንድ መርፌ አይበቃም አላልኩም ወይ ብላ ዱቄቱን እጥፍ አደረገችው።

ባሌ ከአሰብ ሲመለስ ሽታው በር ላይ ተቀበለው። እህቱ ደክማ ደክማ እኔ ቸል እንዳልኩ አስቀድሞ ተነግሮታል። ፍርዱን ሳይቀመጥ ሰጠ፤ እንደገና መንገድ ከመውጣቱ በፊት ቁስሉ ካልደረቀ ውሻዋ ማዘጋጃ ቤቱ ለባዘኑ ውሾች ለሚያድለው መርዝ ትሰጣለች። መኪናው ጎማ እየጠበቀ ቆሞ ነበር። ጎማ ደግሞ በዚያን ጊዜ ቶሎ አይገኝም፤ በሕይወቴ ለአንድ ጊዜ የዕቃ እጥረትን አመሰገንኩ።

ጋሪ ጠራሁ። ባለጋሪው ፈረሴ ውሻ አይወድም ብሎ ካጉረመረመ በኋላ ጆንያ አነጠፈልን። የባሌ እህትም ልትመሰክርብኝ ከጎኔ ተሳፈረች።

ሐኪሙ ስፌቱን ፈታ። ዱቄቱ ከፀጉርና ከአቧራ ጋር ተጋግሮ እንደ ቅርፊት ከድኖታል፤ ከሥሩ መግሉ መውጫ አጥቶ ተጠራቅሟል። ሐኪሙ ተቆጣ።

«ማነው ይህን የነሰነሰበት? ሲድን የነበረ ቁስል እኮ ነው ያበላሻችሁት።»

የባሌ እህት «እኔ ነኝ» አለችና ሊቀመንበርነቷን ከቀበሌው ቁጥር ጋር ነገረችው። የተማረው ትምህርት ሁሉ ከፊቱ ላይ ሲወርድ አየሁ።

«ሐሳቡ እንኳን ጥሩ ነበር፣ ጓድ» አለ።

ይህን ቃል እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ለማንኛውም ቁስሉን አጠበው፣ መግሉ እንዲወጣ ሳይሰፋ ተወው፣ ፈልቶ በበረደ የጨው ውኃ እንዳጥብ አሳየኝ። እሷ ወደ ጋሪው ስትሄድ ጠብቆ በሹክሹክታ፣ እባክዎ እጇን ያርቁልኝ አለኝ። እሱ በመንግሥት ክሊኒክ ውስጥ፣ ነጭ ጋዋን ለብሶ ያልቻላትን እኔ በነጠላዬ እንዳርቃት።

በማግስቱ አዲስ እንክብል ይዛ መጣች። በሩን አልዘጋሁም፤ በሩ ላይ ቆምኩ።

«እትዬ፣ ሐኪሙ ለብቻዬ የነገረኝ ነገር አለ። ይህ መግል ወደ ሰው ይተላለፋል። በጣቱ የነካው ሰው ነው አሉ የሚያሰጋው።»

ጣቶቿን አየቻቸው። «ለምን ለእኔ አልነገረኝም?»

«አክብሮዎት ነዋ።»

ጥንቃቄ የምትወድ ሴት አይደለች፣ ወዲያው ተመለሰች። ለውሻዋ ያመጣችውን እንክብል ቤቷ ገብታ ራሷ እንደዋጠችው ከሠራተኛዋ ሰማሁ። ሳያመረቅዝ አስቀድሞ መሆኑ ነው።

ጎማው ሲመጣ ቁስሉ ገጥሞ ነበር። ባሌ ቁስሉን አይቶ እህቱን አመሰገነ። እሷም በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ውሻዋን እንዴት እንዳተረፈች ተናገረች፤ ተጨበጨበላት። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ውሻዋ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በራችን ላይ እየተኛች ጠባሳዋን ፀሐይ ስታሞቅ ኖረች። የባሌ እህት በዚያ ባለፈች ቁጥር ማዶ ቆማ፣ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ አስገብታ፣ ደህና ነሽ ወይ ትለኝ ነበር። ደህና ነኝ እላት ነበር፤ እውነቴንም ነው።