ሳኪዩሳና የራቱ ሜሊ ድምፅ

ሳኪዩሳን በደሴቶቹ አገር ዋና ከተማ በሱቫ የማያውቀው የለም ቢባል ውሸት ነው። አውቶቡስ ላይ አጠገቡ ተቀምጦ የመጣ ሰው እንኳ ሲወርድ አብሮት ማን እንደነበር አያስታውስም። ወፍራም ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ ሽርጡን ከእምብርቱ በላይ ጥብቅ አድርጎ ያስራል፣ ሲስቅ አፉን በመዳፉ ይሸፍናል። ሚስቱ ቫሲቲ ግን የሱንም ድርሻ ደርባ ስለምታወራ ቤታቸው ጸጥ ብሎ አያውቅም።

የዘሩ ሥራ መቅበር ነው። ደሴታቸው ላይ አለቃ ሲሞት የሚያጥቡት፣ የሚገንዙት፣ ጉድጓድ የሚያወርዱት የሳኪዩሳ ወገኖች ናቸው፤ ሌላ ሰው ሬሳውን አይነካም። የደሴቱ አለቃ ራቱ ሜሊ ያረፉ ጊዜ ሳኪዩሳ በመርከብ ሄዶ፣ ከአጎቶቹ ጋር አለቃውን አፈር አልብሶ ተመለሰ። የአለቃ ሬሳ የነካ እጅ ቶሎ ምግብ አይነካምና ቫሲቲ ጎደሬውንም ዓሣውንም እያጎረሰች አሰነበተችው። "ጺም ያወጣ ሕፃን ቤቴ አለ፣ መጥታችሁ እዩ" እያለች ለጎረቤት ሁሉ ስታወራ ከረመች። እያማረረች ነበር የምታወራው፤ ግን ማጉረሱን ወዳው እንደነበር ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል።

መቅበሩ የዘር ነው፤ ደሞዝ የሚያገኘው ግን ኮምፒውተር ጠብቆ ነው። ሱቫ ውስጥ የሽማግሌ ወግና የጥንት ዜማ የሚቀመጥበት መሥሪያ ቤት አለ። ያኔ ኢንተርኔት የሚባለው ገና ወሬ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ግን ዩኒክስ የሚሉትን ማሽን ያኔውኑ ነበረው። የሽማግሌዎቹ ድምፅ ሁሉ እዚያ ማሽን ውስጥ፣ ዲስክ የሚባል ጡብ የሚያህል ብረት ላይ ተቀምጧል። ድሮ የተቀዳባቸው ካሴቶች የሱቫ ዝናብ አሻግቷቸው ተጥለዋል። ስለዚህ ያለው ዲስኩ ብቻ ነው።

ከነዚያ ድምፆች አንዱ የራቱ ሜሊ ነው። አባቶቻቸው ባሕር አቋርጠው እንዴት ወደ ደሴቲቱ እንደመጡ የሚናገረውን ዜማ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሊሞቱ አካባቢ ሱቫ መጥተው፣ ማይክራፎን ፊት ተቀምጠው አዚመውት ሄዱ። እሳቸው ካረፉ ወዲህ በመንደሩ ፊት ያለው ባሕር ተዘግቷል፤ መረብ አይጣልም፣ ዛጎል አይለቀምም። ሐዘኑ ሲነሣ ወንዶቹ ያንን ዜማ ይሉና ባሕሩ ይከፈታል። ወንዶቹ ግን አዝማቹን እንጂ ሌላውን አያውቁትም። "ድምፁን ላክልን፣ እንማረው" ብለው ሳኪዩሳን ሲጠብቁ ነበር።

እሱ ደግሞ "አዲሱ ማሽን ይምጣና በጥሩ አድርጌ ቀድቼ እልካለሁ" አላቸው።

አዲሱ ማሽን መጣ። ሆዱ ውስጥ ሁለት መቀመጫ አለው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። የላይኛው የማሽኑ የራሱ ነው፤ አዲሱ ባዶ ዲስክ እዚያ ይገባና ማሽኑ ጠርጎ ዕቃውን ያሰፍርበታል። የታችኛው እንግዳ ነው፤ ከአሮጌው ማሽን የመጣው ዲስክ እዚያ ይገባል፣ አይነካም። ይህን ሳኪዩሳ የሚስቱን ጠባይ የሚያውቀውን ያህል ያውቀዋል።

አሮጌውን ማሽን ፈትቶ ዲስኩን አወጣ። ባዶው በአንድ እጁ፣ ራቱ ሜሊ ያሉበት በሌላው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ ሰው በአለቃ ፊት ቆሞ ሄዶ አያውቅም፣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው። ከአለቃ ራስ በላይ እጁን አንሥቶ አያውቅም። የአለቃ ሰሌን እንኳ ከሌላ ሰሌን ሥር አይነጠፍም። እጁ ማንንም ሳያማክር የራቱ ሜሊን ዲስክ ከላይ አስገባው። ባዶውን ከታች። ክዳኑን ገጠመ። ማሽኑ "ላይኛውን ልጥረግ ወይ?" ብሎ ጠየቀው። አዎ አለው። ከዚያ ሻይ ሊጠጣ ሄደ።

ብስኩቱን ሻይ ውስጥ ነክሮ ወደ አፉ ሲያደርስ ትዝ አለው። ብስኩቱ ተቆርሶ ሻዩ ውስጥ ወደቀ። ያ ወፍራም ሰውዬ በኮሪደሩ ሲሮጥ ያዩት ሠራተኞች እሳት የተነሣ መስሏቸው ተከትለውት ሮጡ። ደርሶ የኤሌክትሪኩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለ። ማሽኑ ዝም አለ። ሳኪዩሳም መሬቱ ላይ ተቀመጠ።

ቤት ገብቶ ለቫሲቲ ነገራት። እሷም፦

"ለደሴት ሰዎች ነገርካቸው?"

"ምን ብዬ?"

"'አጠፋሁት' ብለህ ነዋ! ሌላ ምን ትላለህ? ማሽኑ በላው ልትል ነው?"

"እስቲ መጀመሪያ ዳያ ራምን ላማክር።"

"አማክረው። ግን የሚልህን ዓይኔን እያየህ ንገረኝ፤ እንዳትደበቅብኝ" አለችው።

ዳያ ራም የሌላ መሥሪያ ቤት ማሽን ጠባቂ ነው፤ የሸንኮራ ገበሬ ልጅ፣ ምላሱ የተሳለ፣ የሳኪዩሳ የረጅም ዘመን ወዳጅ። ነገሩን ሰምቶ ራሱን ያዘ።

"አንተ ሰውዬ! ለብረት ማዕረግ ትሰጣለህ?"

"ብረት አይደለም፤ ራቱ ሜሊ ናቸው።"

"ራቱ ሜሊማ ዙፋን ላይ አስቀምጠህ ነው የጨረስካቸው!" አለና የሳኪዩሳን ፊት ሲያይ ቀልዱን ዋጠው። "በል ስማኝ። ወዲያው ገመድ መንቀልህ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ነክተኸዋል?"

"አልነካሁትም።"

"እንዳትነካው። መጀመሪያ እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ እንገለብጠዋለን፤ የምንፈልገው በግልባጩ ላይ ነው። ይሄ ዩኒክስ ጅል አይደለም። የቤቱን ካርታ በሩ ላይ ይሰቅላል፤ በሩ ቢቃጠልስ ብሎ ደግሞ ቅጂውን በየጓዳው ይደብቃል። አንተ ያቃጠልከው በሩን ነው። ወደ ውስጥ ምን ያህል እንደገባ ግን እንጃ።"

ገለበጡት። ከተደበቁት ቅጂዎች አንዱን ፈልገው ለማሽኑ ሰጡትና በዚያ እየተመራ ቤቱን እንዲጠግን አዘዙት። ማሽኑ አጉረመረመ፣ ቆየ፣ ጨረሰ። ባለቤታቸው ያልታወቀ ዕቃዎች የሚጣሉበት አንድ ጓዳ አለው፤ ሲከፍቱት ድምፆቹ እዚያ ውስጥ ተከምረዋል። ሳኪዩሳ ካቫ የሚባለውን የክብር መጠጥ እንደተቀበለ ሰው መዳፉን አጎድጉዶ አጨበጨበ።

"ቆይ፣ አትቸኩል" አለው ዳያ ራም። "ስማቸው የተጻፈው በሩ አጠገብ ነበር። አሁን የማን እንደሆኑ አይናገሩም። ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው።"

እውነትም ከየደሴቱ የተለቀመ ድምፅ ነው፤ ሲያሰሙት ይህም ሽማግሌ ነው፣ ያም ሽማግሌ ነው። ዜማ ደግሞ ሲዜም ድምፅ ይለወጣል፤ ቃሉም የጥንት ነው። ሳኪዩሳ ጆሮውን ደቅኖ አዳመጠ፣ አዳመጠ፣ መለየት አቃተው። ራቱ ሜሊን በሕይወት ሳሉ ከደጅ ነው የሚያውቃቸው፤ ቀርቧቸው የሚያውቀው ሲያጥባቸው ብቻ ነው።

መፍትሔውን ያመጣችው ቫሲቲ ናት። ካሳቫ እየላጠች፦

"የራቱ ሜሊ እህት አዲ ኡናይሲ ሱቫ ልጃቸው ቤት መጥተዋል አይደል? እሳቸው ይስሙት።"

"በኛ ወግ እህት ከወንድሟ ጋር አትነጋገርም! ከልጅነታቸው ጀምሮ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም እኮ።"

"ለዚህ ነዋ የምልህ! የሚያወራ ሰው ይሰማል እንዴ? አንተን አግብቼ ስንት ዘመኔ ነው፣ ድምፅህን ለይተሽ አምጪ ብባል አላመጣም። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ከግድግዳ ማዶ ሆነው ወንድማቸውን ሲሰሙ ነው የኖሩት።"

"ለሳቸው ለመንገር መጀመሪያ ጥፋቴን መናገር አለብኝ።"

"እሱንማ ከመጀመሪያውም አልቀረልህም" አለችው፣ ቢላዋዋን ሳታቆም።

ሳኪዩሳ ሱቫ ካለው አጎቱ ቤት የዓሣ ነባሪ ጥርስ ለምኖ፣ በሁለት እጁ ይዞ ሄደ። አዲ ኡናይሲ ሰሌን ላይ ተቀምጠው አገኛቸው፤ ጥቁር ለብሰዋል፣ ፀጉራቸው ለሐዘኑ ተሸልቷል። በሩ ላይ ተንበርክኮ፣ እየዳኸ ገብቶ፣ ጥርሱን ፊታቸው አስቀመጠ። አንገቱን ደፍቶ አንድም ሳያስቀር ተናገረ፤ ዲስኩን ከላይ ማድረጉን፣ አዎ ማለቱን፣ ሻዩን ጭምር።

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጥርሱ ላይ አሳረፉ።

"ሁለት ጊዜ ቀበርከው በለኛ" አሉ።

"አዎ፣ እመቤቴ።"

"መጀመሪያ ስትቀብረው ደንብህ ነው። ሁለተኛውን ማን አዘዘህ?"

"ማንም። ከበታች ማስቀመጡ ከበደኝ።"

ጥፋት ይቅር የሚባለው የቀረበውን ጥርስ በመንካት ነው። አዲ ኡናይሲ ግን እጃቸውን ከጭናቸው ላይ አላነሡም። "እዚያው ይቀመጥ" አሉ። "መጀመሪያ የተረፈውን ልስማው።"

ወደ መሥሪያ ቤቱ በታክሲ መጡ። ማሽኑ ያለበት ክፍል ግን አልገባም አሉ። "እሱ ባለበት ክፍል ገብቼ ልቀመጥ? አልተደረገም።" ሳኪዩሳ ኮሪደሩ ላይ ሰሌን አነጠፈላቸው፤ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀመጡ። በሩ ገርበብ አለ። ዳያ ራም አንድ በአንድ ያሰማ ጀመር።

የመጀመሪያዋ የሰሌን አሠራር ልትነግር የጀመረች ሴት ናት፤ ቅጠሉን ሳታፈላ የጎረቤቷን ባል ማማት ያዘች። አዲ ኡናይሲ ሳቁ። "ሊቲያና ናት! ሞታም አላረፈች!" ቀጥሎ የሚያስል ሰው መጣ፣ "አይደለም" አሉ። ቀጥሎ የሚያዜም ሽማግሌ። "አይደለም። ይሄ የምዕራብ ሰው ነው።" ደግሞ ሌላ። "አይደለም።" ሳኪዩሳ በሩ ሥር መሬቱ ላይ ተቀምጦ "አይደለም" ባሉ ቁጥር ትከሻው ይወርዳል። ክምሩ እየጎደለ ሄደ።

ከዚያ አንድ ወፈር ያለ፣ ቀስ ያለ ድምፅ ተነሣ። አዲ ኡናይሲ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ዳያ ራም "እመቤቴ፣ እሳቸው ናቸው?" ቢላቸው አልመለሱም። ሳኪዩሳ በእጁ ምልክት ሰጠው፤ ዝም በል፣ ይቀጥል።

ዜማው ሄደ፤ ታንኳዎቹ ተነሡ፣ ማዕበሉ መጣ፣ ሰዎቹ የወፍ አቅጣጫ ተከተሉ። ሴትዮዋ በእንባ ታጠቡ። ልክ ታንኳዎቹ ወደ ደሴቲቱ ሲጠጉ፣ ድንጋይ ላይ ቆርቆሮ እንደሚጎተት ያለ ጩኸት ወጣ። ቆየ፣ ቆየ። ከዚያ ድምፁ ተመለሰና ሰዎቹ አርፈው፣ እሳት አንድደው፣ መሬት ሲከፋፈሉ ተሰማ። አለቀ።

"ያ ጩኸት ምንድን ነው?" አሉ ሳይዞሩ።

"ማሽኑ የራሱን ዕቃ ያሰፈረበት ነው፣ እመቤቴ። ገመዱን እስክነቅል ድረስ የጠረገው። እኔ ያጠፋሁት እሱ ነው።"

"አይወጣም?"

ዳያ ራም ነው የመለሰው። "አይወጣም፣ እማማ። የጠፋ ቢሆን እንፈልገው ነበር፤ ይሄ ግን ላዩ ላይ ተጽፎበታል።"

አዲ ኡናይሲ በታክሲ ወደ ልጃቸው ቤት ተመለሱ፤ ሳኪዩሳም አብሯቸው ሄደ። ሲደርሱ ሰሌናቸው ላይ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ ጥርሱን ነኩ። ሳኪዩሳ ግንባሩን መሬት አስነካ።

"ተነሥ" አሉት። "ደሴት ያሉት ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ በራሳቸው ቃል ሊደፍኑት ይፈልጋሉ፤ አውቃቸዋለሁ። አንዱ የራሱን አያት ከታንኳ መጀመሪያ ያወርዳል፣ ሌላውም የራሱን። አይደፈንም። እሱ ያላለውን ማንም አይልለትም። እዚያ ሲደርሱ ዝም ይበሉ፤ የጠፋውን ያህል ዝም ብለው ይቀጥሉ። የጠፋው ምን ያህል እንደሆነ የምታውቅ አንተ ነህ፤ ስለዚህ አንተ ታስጠብቃቸዋለህ።"

"እኔ ቀባሪ ነኝ፣ እመቤቴ። ከሚያዜሙት ጋር አልቀመጥም።"

"ቀባሪ ነህ ብዬ ነው እኮ" አሉት።

ሳኪዩሳ ድምፁን ቀድቶ ላከ፣ ወንዶቹም ተማሩት። ሐዘኑ በተነሣ ቀን መንደሩ በሙሉ ባሕሩ ዳር ተሰበሰበ። ወንዶቹ በረድፍ ተቀምጠው ጀመሩ። ሳኪዩሳ ከነሱ ፊት ለፊት ብቻውን ተቀምጧል፤ በሕይወቱ ሙሉ ያን ያህል ሰው አይቶት አያውቅም። ታንኳዎቹ ወደ ደሴቲቱ ሲጠጉ መዳፉን አጎድጉዶ አንድ ጊዜ አጨበጨበ። ሁሉም ቆመ። ማዕበሉ ብቻ ይሰማል። ረዘመ። ሕፃን አለቀሰ፣ እናቱ ጡት አጎረሰችው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቃል ሊያወጣ አፉን ሲከፍት፣ ሳኪዩሳ ዓይኑን አነሣና አየው፤ ያ ዓይን አፋር ሰውዬ አፍጥጦ አየው። ሽማግሌው አፉን ዘጋ።

አዲ ኡናይሲ ከሴቶቹ ጋር ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል።

ሳኪዩሳ ጠበቀ። ሰው ሁሉ የረሳ እስኪመስለው ጠበቀ። ከዚያ እንደገና አጨበጨበ፤ ወንዶቹም ሰዎቹን መሬት አሳረፉ።