መስመሩ በእህቱ ደጅ ሲያልፍ

ሰፈርተኛው «ማስመሪያው» ይለዋል። ዕድሜውን በምርጫ ቢሮ የካርታ ክፍል ጎንበስ ብሎ የፈጀ ሰው ነው። ሚስት አላገባ፣ ልጅ አልወለደ፤ ማታ ሲገባ የሚቀበለው የገዛ ቁልፉ ድምፅ ነው። ታላቅ እህቱ ከመንገዱ ማዶ ትኖራለች፤ ግን በእናታቸው ቤት ውርስ ከተኳረፉ ወዲህ ሰላምታ እንኳ የላቸውም። የምርጫ ቀን ብቻ፣ እናታቸው እንዳስለመደቻቸው፣ አንድ ሰልፍ ላይ ይቆማሉ። እሷ ቀድማ ቦታ ትይዝለታለች። ሰልፉ እስኪያልቅ ስለ እሷ ጉልበትና ስለ እሱ ጨጓራ ያወራሉ፤ ከዚያ እስከሚቀጥለው ምርጫ ዝም። ጉድ እኮ ነው፣ ምርጫ የሚናፍቀው ሰው አለ? እሱ ይናፍቀው ነበር።

ድሮ የምርጫ ክልል ወሰን የሚሰመረው በር ተዘግቶ ነው። አለቆቹ የሚፈልጉት ወገን እንዲያሸንፍ «እዚህ ጋ ጎበጥ አድርጋት» ይሉታል፤ እሱም ውስጡ እያረረ ያጎብጣል። «ካርታው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ ምክንያቱ ከሥሩ ይጻፍ፣ የሚቃወም ይቃወም» ብሎ አፉ እስኪደርቅ የተከራከረውም እሱው ነው። በስንት መከራ ተሳካለት።

አዲሱን ወሰን ሲያሰምር ግን የሁለቱ ክልሎች ሕዝብ የሚመጣጠነው መስመሩ በዋናው መንገድ ሲያልፍ ሆነ። በእሱና በእህቱ መሃል ማለት ነው፤ ከእንግዲህ ሰልፋቸው ለየቅል ይሆናል። መስመሯን አንዲት ረድፍ ቤት ወዲህ ቢስባት ማን ያውቅበታል? ሊስባት ቃጣው። ሕሊናው እምቢ ቢለው ቀጥ አድርጎ አሰመረው።

ካርታው በተለጠፈበት አዳራሽ ተቃዋሚ ሲጠብቅ ብቻውን ሰነበተ። በመጨረሻው ቀን እህቱ መጣች። መነጽሯን አድርጋ ካርታውን አየችው።

«በመንገዱ ነው የቆረጥከው?»

«አዎ እትዬ። ሕዝቡ እንዲመጣጠን ነው፣ ከሥሩ ተጽፏል።»

«መቃወም ይቻላል?»

«እስከ ማታ ይቻላል።»

ተቃወሚ እንዲላት የጠበቀች መሰለው። እሱም እንድትቃወም ጠበቀ። ባለሥልጣኑ እሱ፣ ወንድሟም እሱ፤ እንዴት ብሎ ይበላት?

«ደህና፣ ልክ ሠርተሃል» ብላው ወጣች። ሊከተላት ፈልጎ ወንበሩ ላይ ቀረ።

የምርጫው ቀን በራሱ ክልል ጣቢያ ድምፁን ሰጥቶ ሲወጣ እህቱን ማዶ ሰልፍ ላይ አየና መንገዱን ተሻገረ። ሲጠጋ፣ ከኋላዋ የቆመውን ጎረምሳ «ራቅ በል፣ ሰው አለው» ትለዋለች። ክፍተቱ ውስጥ ገባ። ስለ ጉልበቷ ጠየቃት፤ ስለ ጨጓራው ጠየቀችው። በሩ ጋ ሲደርሱ አስተናባሪዋ መታወቂያውን አየች።

«አባቴ፣ እርስዎ እዚህ አይመርጡም።»

«አውቃለሁ ልጄ፣ ያሰመርኩት እኔ ነኝ።»

እህቱ ገባች፤ እሱ በሩ ላይ ቀረ።