ዳር እስከ ዳር ቡኒ

ሰፈሩ የሚያወራው እንዲህ ነው፦ ያቺ የሆስፒታሏ ሴትዮ የሰው ሥጋ አንዴ ካየች የመሞቻውን ቀን ትናገራለች። ወሬው ሥር ከመስደዱ የተነሳ ባለሥጋ ቤቱ እንኳ ስትገባ ቢላውን አስቀምጦ፣ "እህቴ፣ ግዢና ሂጂ፤ አተኩረሽ አትይብኝ" ይላታል።

ሐሰት ነው። ቀን ማወቅ ቢሆንላት ኖሮ በየጠዋቱ አውቶቡስ ባላመለጣት። ሴትዮዋ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ናት። ከሕመምተኛ የተወሰደውን ናሙና በሰም አጠንክራ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ አሳስታ ትቆርጥና መስታወት ላይ ዘርግታ ቀለም ታደርግበታለች። የሚፈለገው ፕሮቲን ካለበት ቡኒ ይሆናል፤ ከሌለበት ሰማያዊ ይቀራል። አንብቦ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ታላቅ ወንድሟ ልብስ ሰፊ ነው፤ ቀጠሮ በማፍረስ አገር ያወቀው። የእሷን ቀሚስ "ለሳምንት" እያለ ሁለት ዓመት አስቆጥሮበታል። በቅርቡ ከቆሽቱ ላይ ካንሰር ተቆርጦ ወጣለት። "ደንበኞቼ ናቸው ቆሽቴን ያሳረሩት" እያለ ሰንብቶ፣ አንድ ቀን ቀልዱን ተወና ያልተሰፋውን ጨርቅ ለየባለቤቱ መመለስ ጀመረ። የእሷንም በፌስታል ሰጣት።

"ሌላ ሰፊ ፈልጊ፣ እህት ዓለም። እኔ የምጨርሰው አይመስለኝም።"

የእሱ ናሙና እሷው ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው፤ ግን የማዘዣ ወረቀቱን ራሷ ስላስገባች ቁጥሩን ታውቀዋለች። ፕሮቲኑ የበዛባቸው ሕመምተኞች ብዙውን ጊዜ ቶሎ እንደሚብስባቸው፣ ያነሰባቸው ደግሞ ረዘም እንደሚቆዩም ታውቃለች። ተጣድፋ ቀለሙን ጨረሰችና ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች። ቡኒ። ዳር እስከ ዳር ቡኒ። ከማይክሮስኮፑ ቀና ብላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

"ምን ሆንሽ?" አለች ባልደረባዋ።

"የጋሼ... ቡኒ ነው።"

"ማነፃፀሪያውንስ አየሽው?"

አላየችውም። ከእያንዳንዱ ሥራ ጋር ፕሮቲኑ እንደሌለበት የታወቀ ሌላ ቁራጭ አብሮ ይቀለማል፤ እሱ ሰማያዊ ካልሆነ ሥራው ሁሉ ውድቅ ነው። ሃያ ዓመት ለጀማሪ ሁሉ የሰበከችው ይህንኑ ነበር። አነሳችና አየችው። እሱም ቡኒ!

"እልል በይ!" አለች ባልደረባዋ። "ቀለሙ ያለቦታው እንዳይጣበቅ የምትደረገዋን ጠብታ ዘለልሻት፣ አይደል?"

"ዘለልኳት መሰለኝ።"

"እኛን ስንት ዓመት ስትቆጪ! በዚህ አያያዝሽ እኮ የኔም ጋዋን ቡኒ ይወጣል። ተነሺ፣ እኔ ልሥራው።"

በማግስቱ ማነፃፀሪያው ሰማያዊ ወጣ። ፕሮቲኑ እንዳለበት የታወቀው ሌላው ቁራጭ ደግሞ እንደ ወጉ ቡኒ። የወንድሟ? ሰማያዊ፤ እዚህም እዚያም ጥቂት ቡኒ ነጠብጣብ። ሴትዮዋ መታጠቢያ ቤት ገብታ እንባዋን ለቀቀችው፣ ከዚያ ፊቷን ታጥባ ምንም እንዳልሆነ ሰው ወጣች።

ሐኪሙ ወንድሟን አስጠርቶ፣ "ደህና ምልክት ነው። ግን የብዙ ሰው ልምድ ነው እንጂ ለእርስዎ የተጻፈ ውል አይደለም፤ ከክትትል እንዳይቀሩ" አለው።

ከሥራ ስትወጣ ፌስታሏን ይዛ በቀጥታ ወደ ስፌት ቤቱ ሄደች። ወንድሟ ሚስቱ እየሳቀችበት ከስፌት መኪናው ላይ አቧራ ይጠርጋል።

"ሐኪሙ ስንት ዓመት እንደቀረኝ አልነገረኝም" አላት። "ሰፈሩ አንቺ ታውቂያለሽ ይላል። በይ ንገሪኝ።"

ጨርቋን ከፌስታሉ አውጥታ መኪናው ላይ ዘረጋችለት። ሚስቱ ሳቋን በእጇ አፈነች፤ እሱ መርፌ የሚፈልግ መስሎ መሳቢያው ውስጥ አቀረቀረ።

"ጋሼ፣ ቀን መናገር ያንተ ሥራ ነው። ለቀሚሴ መቼ ልምጣ?"