ሰላምታ ክልክል ነው

ዑምኩልሱምን ሐይቅ ከተማ ውስጥ የማያውቃት ተማሪ የለም፤ የሚፈራት ግን ከተማሪው ይልቅ መምህሩ ነበር። አንደኛ ደረጃ ስታስተምር ትሰነብትና ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኛ ጋር በርቀት ዲግሪዋን ትማራለች። ኮሮና ክፍላችንን ወደ ቴሌግራም ካሻገረው ወዲህ ውይይታችን እዚያው ቀረ፤ መምህራችንም ግሩፑን እንድትመራ እሷን አድሚን አደረጓት።

ምክንያት ነበራቸው። ከዚያ በፊት አንድ ጥያቄ በጻፉ ቁጥር "እንዴት አደራችሁ"፣ "አልሐምዱሊላህ፣ እናንተስ"፣ "ልጆቹ ደህና፣ ከብቱ ደህና" እየተባለ ጥያቄው ተቀብሮ ይቀር ነበር። ወሎዬ ሰላምታ ጀምሮ መች ይጨርሳል? ዑምኩልሱም መጣችና ሕግ አወጣች። በውይይት ሰዓት ሰላምታ ክልክል ነው። አንዱ ሐሳቡን ሳይጨርስ ሌላው አይገባም። "እኔም እስማማለሁ" ብሎ ነጥብ መልቀም የለም። ከርዕስ የወጣ ይጠፋል። የእግዜር ሰላምታ እንኳ ነሳችን ብለው ያኮረፉ ነበሩ፤ እኔም አንዱ ነኝ። ግን ውይይቱ ውይይት ሆነ፤ ዐይን አፋሮቹ ሳይቀሩ መጻፍ ጀመሩ። አድልዎም አታውቅም። የሰው ጽሑፍ ስታጠፋ ቅጂውን ታስቀርና፣ ውይይቱ ሲያበቃ ለባለቤቱ በግሉ ልካ ለምን እንዳጠፋችው ታስረዳዋለች።

በ2014 ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ወደ ውጫሌ ተጠጋ። ሐይቅ በተፈናቃይ ተጨናነቀች፤ የከባድ መሣሪያው ድምፅ ከሰሜን በኩል ይሰማ ጀመር። የመጨረሻው ውይይት ግን አልተራዘመም፤ ግማሹ ነጥብ የሚያዘው በእሱ ነበር። ዑምኩልሱም ያን ቅዳሜ በሯን ዘግታ ስልኳን ይዛ ተቀመጠች። የዚያን ቀኑን ሁሉ በኋላ ነግራኛለች። አገሩ ሁሉ ሥርዓት ሲያጣ ይቺ አንዲት ነገር እንኳ በሥርዓት ትለቅ ብላ፣ ሕጉን ከወትሮው ይልቅ አጠበቀች።

በመካከሉ የታረቀኝ ጽሑፍ ገባ። ታረቀኝ ውጫሌ ከእናቱ ጋር የሚኖር መምህር ነው፤ ሰላምታ በማርዘም የሚስተካከለው አልነበረም። "ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ከረማችሁ፣ ክረምቱስ እንዴት አለፈላችሁ" ብሎ ይጀምራል። ዑምኩልሱም ሁለት መስመር አነበበችና ዛሬ እንኳ አይተወንም ብላ ተናደደች። ቀድታ አጠፋችው። ጥቂት ቆይቶ አንዲት የጥያቄ ምልክት ብቻ ላከ። እሷንም አጠፋቻት።

ውይይቱ ሲያበቃ ልትወቅሰው ቅጂውን ከፈተች። ከሰላምታው ሁሉ በታች፣ መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ "እናቴን በሚኒባስ ወደ ሐይቅ ሰድጃታለሁ። እዚያ ዘመድ የለንም። መናኸሪያው በር ላይ ትጠብቃለች። እባካችሁ ከመካከላችሁ አንድ ሰው እቀበላታለሁ ይበለኝ።"

ደወለችለት፤ ስልኩ አይጠራም። "እኔ እቀበላቸዋለሁ" ብላ ጻፈች፤ አልሄድ አለ። ኔትወርኩ ጠፍቷል። ጫማዋን በቅጡ ሳታጠልቅ ወደ መናኸሪያው ሮጠች።

በሩ አካባቢ ፍራሽ የተሸከመው፣ ልጅ ያዘለው፣ ፍየል የሚጎትተው ይተራመሳል። ከሹፌሮቹ አንዱ ከውጫሌ የሚመጣ መኪና ከእንግዲህ የለም፣ መንገዱ ተዘግቷል እያለ ለሰዉ ያወራል። እሷ "የታረቀኝ እናት" እያለች በሰው መሀል ተጣራች። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ከሱቅ በረንዳ ሥር አቤት አሉ። እናቱ፣ እማማ የሺሀረግ ነበሩ። ከታረቀኝ ጋር እንደምትማር ነግራቸው ጓዛቸውን አነሳች፤ ቤቷ ቅርብ መሆኑንም ነገረቻቸው። እሳቸው ግን ከተቀመጡበት ንቅንቅ አላሉም።

"እሱስ፣ እማማ? ለምን አብሮዎት አልመጣም?"

"ለአንድ ሰው ብቻ ነው ቦታ የተገኘው፣ የኔ ልጅ። አብሽሪ፣ በእግሬ እከተልሻለሁ ብሎኛል። ያ ስልኩ የሚሠራለት ጉብታው ላይ ሲወጣ ነው። የሚቀበልሽ ሰው መኖሩን ሳልሰማ ከጉብታው አልወርድም አለኝ።" ቀና ብለው አይዋት። "መለሳችሁለት አይደል?"

ዑምኩልሱም ቢያንስ ለዚያች ሰዓት መዋሸት ትችል ነበር። አልሆነላትም።

"አልመለስንለትም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እማማ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

እማማ የሺሀረግ በሕይወታቸው ስልክ ይዘው አያውቁም። ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡና ክንዷን ጨበጡ።

"ማንን ነው ያጠፋሽው?" አሉ።

ጽሑፉን ልትል ፈለገች፤ ዐይኗ ግን መንገዱ ተዘግቷል ወደሚለው ሹፌር ሄደ።