ፈረሰኛው ለማን ይውጣ

ፀሐይ ዶሮ ወጥ ስትሠራ አጠገቧ ሰው አትወድም። ሰበታ ገበያ ቅቤና በርበሬ ስትሸጥ ከደንበኛ ጋር ስትከራከርና ስትስቅ የምትውል ሴት፣ የበዓል ሽንኩርት ከጣደች በኋላ ግን ማን ይቀርባታል። የዘንድሮው የገና ዋዜማ ደግሞ ባሰ። ልጇ ቤቴል ላማስልልሽ ብላ እጇን ብትሰድ «ተይው፣ ይሄ ወጥ ነገ ሥራ አለበት» አለቻት። ወጥ ከመበላት ሌላ ምን ሥራ አለው? የፀሐይ ግን ነበረው።

ፀሐይ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ካለ አገር በሙሽርነት መጥታ ነው ሰበታ የቀረችው። ባሏ ካሳሁን የአይሱዙ ሹፌር ነበር፤ የትም ውሎ ለበዓል ዋዜማ ይደርስና ዶሮውን ራሱ ያርድ ነበር። እሱ በሞተ ዓመት ገና ሲደርስ፣ ፀሐይ ዶሮዋን ታቅፋ በር ላይ ቆመች። ሴት አታርድም፤ ወንድ የሌለበት ቤት መንገደኛ ለምኖ ነው የሚያሳርደው። የቆመችው ለዶሮው ነው፣ ያለቀሰችው ግን ለካሳሁን ነው።

በዚያ በኩል ሲያልፉ ያገኟት ኦቦ ኢቲቻ ናቸው፤ ለሱቋ ቅቤ የሚያመጡላት የፉሪ ገበሬ፣ ሚስታቸው ቀደም ብላ የሞተችባቸው። እንባዋን አይተው «አካም ኦልተኒ» ብለው ሰላምታ እንኳን ሳይሰጡ ዶሮውን ከእጇ ተቀበሉ፣ አማተቡ፣ አረዱላት። ይግቡ ብትላቸው አሻፈረኝ ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ዋዜማ እየመጡ ያርዳሉ፣ በር ላይ እጃቸውን ታጥበው ይሄዳሉ።

በመሃል ቅቤው ምክንያት ሆነ፣ ጨዋታው ረዘመ፣ አንድ ቀን ኢቲቻ እንጋባ አሉ። ፀሐይም ወዳቸዋለች፤ ምን ይደበቃል። ችግሩ ኪሩቤል ነው። የበኩር ልጇ ነው፤ አዲስ አበባ ቢሮ ይሠራል፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ይኖራል፤ ለበዓልም የሚደርሰው ዋዜማው ካለፈ፣ ዶሮው ከታረደ በኋላ ነው። የአባቱ ስም በተነሣ ቁጥር ዓይኑ እንባ ያቀርራል። «ልጄ ካልወደደ አላደርገውም» አለቻቸው። ኢቲቻ እሺ ብለው ታገሡ። ዘንድሮ ግን ዶሮውን አርደው ቢላዋውን እያጠቡ እንዲህ አሉ፦

«አዴ ፀሐይ፣ እኔ ከእንግዲህ በር ላይ አርጄ አልሄድም። ወይ ነገ ይግቡ በይኝ፣ ወይ ለፋሲካ ሌላ አራጅ ፈልጊ።»

«ነገ ይምጡ» አለች። አለች እንጂ፣ ለልጇ በምን አፏ ትንገረው? ብልቱን እያወጣች ስትጨነቅ መላ አገኘች። ከዶሮው ብልት ሁሉ ፈረሰኛው የአባወራው ነው፤ ይህን የማያውቅ ልጅ አላሳደገችም። ካሳሁን ከሞተ ጀምሮ ለኪሩቤል ነበር የምታወጣው። ነገ ለኢቲቻ ታወጣለች። ያየ ይረዳል፣ እሷም ከመናገር ትድናለች። ነገር በምሳሌ ይሉ የለ?

ምሳሌው ምን እንደሆነ እንግዲህ ስሙ።

ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ኪሩቤል ደረሰ። ኢቲቻም አዲስ ጋቢያቸውን ለብሰው «አያና ጋሪ፣ እንኳን አደረሳችሁ» እያሉ ገቡ። ኪሩቤል ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀላቸው፤ ለእሱ በየበዓሉ ዶሮ የሚያርዱላቸው ደግ ሰውዬ ናቸው፣ ሌላ አላሰበም። ቤቴል እጅ አስታጠበች። ፀሐይ ፈረሰኛውን በጭልፋ አወጣች። ኢቲቻ ፊት አስቀመጠችው።

ኪሩቤል አየው። ቤቴልም አየችው። ኢቲቻስ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? እኒህ ጨዋ ሰው ይሉኝታ ያዛቸውና በእንጀራ አንሥተው ኪሩቤል ፊት አኖሩት። «ይሄ ያንተ ነው፤ ለኔ ክንፉ ይበቃኛል» አሉ።

ኪሩቤልም የጨዋ ልጅ ነው። «ኧረ በፍጹም፣ እንግዳ እያሉ» ብሎ መለሰው። ኢቲቻ እንደገና ገፉት። ኪሩቤል ለእናቱ አሳለፈው። እናቱ ኢቲቻ ፊት መለሰችው፣ እሳቸውም መልሰው ገፉት። ቤቴል ሳቋን ለመደበቅ ጠላ ልትቀዳ ተነሣች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄኔ ነው። ስንት የታሰበበት ፈረሰኛ መሶቡን ዞሮ ዞሮ የሚበላው አጣ።

ፀሐይ ተናደደች። በሁለቱም ተናደደች፣ በራሷም ጭምር።

«አትግፉት» አለች። «ኪሩቤል፣ እዚያ ያስቀመጥኩት ተሳስቼ አይደለም። ኦቦ ኢቲቻ እንግዳ አይደሉም። ልንጋባ ነው። አንተ ካልወደድክ ግን አይሆንም።»

ኪሩቤል እጁን ከመሶቡ ሰበሰበ።

«የአባዬ ድርሻ ነው» አለ ወደ ወጡ እያየ።

«የአባትህን ድርሻ አባትህ በልቶታል» አለችው። «በየበዓሉ ያወጣሁለት እኔው ነኝ፤ አንድም ቀን አላጎደልኩበትም። ይሄ የዛሬ ነው። እሱ ሞተ፣ እኔ ግን አለሁ፣ ልጄ።»

ካለች በኋላ ፈራች። ልጇ ተነሥቶ ይወጣል ብላ ነበር። ኪሩቤል አልተነሣም። ቀና አለና ኢቲቻን አያቸው።

«አባዬ አልልዎትም።»

«ማን በለኝ አለህ?» አሉ ኢቲቻ። «አባትህን አውቀው ነበር፣ ደህና ሰው ነበር። ኦቦ ኢቲቻ ስትለኝ ኖረሃል፤ እሱ ይበቃኛል።»

ኪሩቤል ወደ መሶቡ ጠጋ አለና ፈረሰኛውን በራሱ እጅ ወደ ኢቲቻ ፊት መለሰው።

«እንግዲያው ይብሉት» አለ። «ከዚህ በላይ ከቆየ ይቀዘቅዛል።»

ኢቲቻ በዚህ ጊዜ አልተግደረደሩም፣ በሉ። ፀሐይ ደስ ብሏት ልጇ አጠገብ ቁጭ አለች። ኪሩቤል ዞር ብሎ ሳያያት ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ አፏ ሰደደ። ልትመርቀው ፈልጋ ነበር፤ አፏ ስለሞላ አልቻለችም።